ጩኸቱ ያንተ መስሎኝ

ኅዳር 9

ለወንድሜ ልጅ፣ ለቀውላላው፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ ጉልበትህ? የትምህርቱን ነገር ስለምትዋሸኝ አልጠይቅህም። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤዬ ስለዘገየ ይቅር በለኝ፤ ወረቀቱ ሲገኝ እስክሪብቶው ይጠፋል፣ እስክሪብቶው ሲገኝ ደግሞ ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ወረቀቱ ላይ የደንበኞቿን ተራ ጽፋበት ትገኛለች።

«ለምን ስልክ አትቀርቢም?» ማለትህን ነግራኛለች። ስልክ አልወድም። ባለፈው ስትደውል እጄ ሳሙና ነበር። ከዚያ በፊት ስትደውል ደግሞ ወጣ ብዬ ነበር። ለነገሩ በሰው ሱቅ ቆሜ፣ ካስክ ስር የተደረደሩ አራት ሴቶች አፍ አፌን እያዩኝ ምን ልልህ ነው? ደብዳቤ ይሻለኛል፤ ደጋግመው ያነቡታል። መጠየቅ የፈለግከውን ለሷ ንገራት፤ እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፍልሃለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ጋዜጣ ላይ ወጥተሃል። ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ፀጉር ግማሹን በቢጎዲን ጠቅልላ ግማሹን እንደተንጨባረረ ትታ እየሮጠች መጣችና «ያሳደግሽውን ዝንጀሮ ተመልከች!» አለችኝ። ተመለከትኩ። ሁለት እጅህ የቅርጫቱን ቀለበት ጨብጧል፣ ጉልበትህ ደረትህ ጋ ደርሷል፣ ምላስህ አገጭህ ጋ ደርሷል። ከስርህ የሌላው ቡድን ልጅ ወለሉ ላይ በቂጡ ተቀምጦ አንጋጦ ያይሃል። ከፎቶው ስር «የኮሌጁ አሞራ ታይታውን ቀጥሏል» ይላል።

አንተ ልጅ፣ ወንድሜ ሞቶ በስድስት ዓመትህ እኔ ቤት ስትመጣ የበሩ መቀርቀሪያ ጋ እንኳ አትደርስም ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሜያለሁ። የሠራሁት ጨርቅ ይኼኔ ሁሉም አልቆ ተቀዷል። ከድካሜ የቀረኝ አንተ ነህ። ኮሌጁ ነፃ የትምህርት ዕድል የሰጠህ ኳስ እንድትጫወት ነው ወይስ እንድትንጠለጠል? ኳሷ ከገባች በኋላ ቀለበቱ ላይ ምን ቀርቶህ ነው? ምላስህስ ምን ፈልጎ ወጣ? ያ ወለሉ ላይ የተቀመጠው ልጅስ ማነው? ሦስቱንም ሳታድበሰብስ መልስልኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ራዲዮኑን ከመደርደሪያው አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። አንድም ጨዋታ አላመለጠኝም። ይህን እወቅልኝ።

አክስትህ


ኅዳር 24

እቴቴ፣ እንዴት ነሽልኝ?

እኔ ደህና ነኝ። አልጋው አሁንም አጥሮኝ እግሬን ሻንጣ ላይ ነው የማሳርፈው። ፈተናው አልወጣም፤ ሲወጣ አልዋሽሽም፣ ትንሽ ነው የማሳምረው። በፀጉር ሠሪዋ በኩል መዳፌን ለጠየቅሽው፣ አዎ፣ ቀለበቱ ልጦታል፤ ቅባት አለኝ፣ አታስቢ።

ምላሴን በተመለከተ፣ እኔን ሳያስፈቅድ ነው የሚወጣው። ፎቶውን ሳየው አፍሬያለሁ። መኝታ ክፍላችን በር ላይ ለጥፈውት አንድ ሳምንት ሲስቁብኝ ከረሙ።

የመንጠልጠሉን ነገር ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ ልቆይ ነበር ያሰብኩት። ባለፈው ዓመት ጨዋታውን በራዲዮ የሚያስተላልፈው የኮሌጃችን ልጅ አንዱን ጨዋታ በካሴት ቀድቶ ሰጠኝና ሰማሁት። አሥራ ስምንት ነጥብ ያገባሁበት ቀን ነው። እቴቴ፣ ስሜን ሁለቴ ብቻ ነው የጠራው! ሌላውን ሁሉ «ዘጠኝ ቁጥር፣ ሁለት ነጥብ» ይልና ውኃውን ይጠጣል፤ ጉሮሮው ሲውጥ ይሰማል። ዘልዬ ኳሷን ከላይ ወደ ታች ስጠቀጥቃት ግን «አሞራው! አሞራው ወረደ!» ብሎ ይጮኻል፣ አዳራሹም አብሮት ይነሣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንቺን ማሰብ ጀመርኩ። ቅዳሜን ሙሉ ጠረጴዛው አጠገብ የምትቀመጪው «ሁለት ነጥብ» ለመስማት ነው? ስንጠለጠል ደግሞ ጩኸቱ ይረዝማል። በልቤ እስከ አምስት ቆጥሬ ነው የምለቀው። ያ አምስት ያንቺ ነው።

አሰልጣኛችን ይህ አይገባውም። «ሁለት ነጥብ ሁለት ነጥብ ነው፤ ሰማይ ቤት ደርሰህ ብትመለስም ሦስት አይሆንም» ይላል። ደርቆ የቀረ ሰው ነው። ሲስቅ ያየው የለም።

ወለሉ ላይ የተቀመጠው ተከላካያቸው ነው። ስሙን አላውቅም።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 10

የኔ ቀውላላ፤

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ልቆጣህ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አምስት ቆጥረህ እንደምትለቅ ሳነብ ግን ቁጣዬ ተነነ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ለኔ ብሎ የዘለለ ሰው አላውቅም። ጩኸቱ ይደርሰኛል፤ ይኼ እውነት ነው፣ አንዷም አታመልጠኝም። በወዲያኛው ሳምንት አራቴ ነበር፣ አይደል?

ቢሆንም አሰልጣኝህን «ደርቆ የቀረ» አትበለው። እኔም ሽመና ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነበር የምባለው።

ደግሞ ያ ልጅ ከሐሳቤ አልወጣልኝም። ስሙን አላውቅም ማለትህ አልጣመኝም። እሱንም ቅዳሜ ራዲዮ ከፍቶ የሚጠብቀው ሰው ይኖረዋል። አንተ ላዩ ላይ ወጥተህ ስትጨፍር እሱ ቤት ያለችው አክስት ምን ትሰማለች? ብረር፣ እሺ። ከስርህ የሚቀረውም ሰው መሆኑን ግን አትርሳ።

ብስክሌት ገጫት ያለችህን ፀጉር ሠሪዋ አጋንናዋለች። ብስክሌተኛው ነው ያላየኝ። ጉልበቴ ትንሽ ተላጠ፣ አለቀ። «ደወል ደውሎ ነበር» ይላል እሱ፤ ጥፋተኛ ሁሌም ደውሎ ነበር ነው የሚለው። ሐኪም ቤት ሂጂ ላልከው፣ እሄዳለሁ። ሳልሄድ ብቀርም ደግሞ ሄጄ መጣሁ እልሃለሁ፤ ካንተው የተማርኩት ነው።

የላክሁልህን ሹራብ ልበሰው። እጅጌው ቢያጥር ጥፋቱ ያንተ ክንድ ነው።

አክስትህ


ታኅሣሥ 26

እቴቴ፣

ሹራቡ ደርሶኛል፣ እጅጌው እስከ ክርኔ ነው፣ ለብሼው ነው የምጽፍልሽ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። በቀን ሁለቴ ነው የምንለማመደው፤ ጥር 4 ቅዳሜ የዓመቱ ትልቁ ጨዋታ አለብን፣ ያው ፎቶው ላይ ካየሻቸው ልጆች ጋር።

«የደበቅከኝ ነገር አለ» ብለሽ በፀጉር ሠሪዋ ላስጠየቅሽኝ፣ አዎ አለ። አሰልጣኙ ትናንት ቢሮው አስጠራኝ። «ከእንግዲህ ቀለበት ላይ አንዲት ሰከንድ ብትንጠለጠል፣ በተቃራኒ ተጫዋች ላይ አንዲት ምልክት ብታሳይ፣ ትቀመጣለህ። ተቀምጠህ ካልታረምክ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታህን ለሌላ እሰጠዋለሁ» አለኝ። ቦታው ከሄደ ነፃ ትምህርቱም አብሮ እንደሚሄድ እኔም እሱም እናውቃለን። እኔም እሺ አልኩ።

እሺ ያልኩት ከጥር 4 በኋላ ላለው ነው። ለዚያች ቀን ግን ለአንቺ ብዬ አንዲት ትልቅ አስቀምጫለሁ። መጨረሻው አካባቢ ጠብቂ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምተሽ አታውቂም።

ልጅሽ


ጥር 5

አሞራዬ!

ደብዳቤህ የደረሰኝ ራሱ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ሳነብ ተው ብዬ ልጽፍልህ አማረኝ፣ ግን በምን ይደርሳል? ስለዚህ ተቀመጥኩና ጠበቅኩ። ፀጉር ሠሪዋ ሙሽራ ልታሰማምር ሄዳ ስለነበር ብቻዬን ነበርኩ፤ በሩን ዘጋሁ፣ ራዲዮኑን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። መጨረሻው አካባቢ ጠብቂ ብለኸኝ የለ? ጠበቅኩ። መጣችልኝ!

ምን ዓይነት ጩኸት ነው በል? በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አላየሁም። ጨርሶ አይቆምም። ሲያልቅ መስሎኝ እንደገና ይነሣል። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ብርጭቆ እየተንቀጠቀጠ ሄዶ ሄዶ ጫፉ ጋ ሲደርስ ነው የያዝኩት። ያ ሁሉ ሰው ላንተ! ወንድሜ ይህን ሳያይ ሄደ ብዬ አለቀስኩ፣ ደግሞ ሳቅኩ፣ አበድኩ ብል ይሻላል።

አሰልጣኝህም ይህን ሰምቶ የሚቀየም ልብ የለውም፤ ይቅር ይልሃል። አገር ያጨበጨበለትን ማን ያስቀምጠዋል? ኮራሁብህ። ይህን ደብዳቤ አስቀምጠው፤ እንዲህ ዓይነቱን ደግሜ አልጽፍልህም፣ እንዳትጠግብብኝ።

አክስትህ


ጥር 17

እቴቴ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ተናደድኩ። የምታሾፊብኝ መሰለኝ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። አንቺ ስትቀልጂ አውቃለሁ። እንዲህ አድርገሽ ግን አትቀልጂም።

የሆነውን ልንገርሽ። ሰላሳ ሰከንድ ሲቀር በአንድ ነጥብ እየተመራን ነበር። ኳሷን ይዤ ገባሁ፣ ያው ተከላካይ ልጅ ፊቴ ቆመ፣ በላዩ ላይ ዘልዬ ጠቀጠቅኳት። መራን። እሱ ወደ ኋላ ሲወድቅ እግሩ ከስሩ ታጠፈ። እኔ ግን ቀለበቱ ላይ ቀረሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ነበር። ከዚያ በአንድ እጄ ተንጠልጥዬ በሌላው እጄ ወለሉ ላይ ያለውን ልጅ ጠቆምኩት። ልጁ ጉልበቱን ይዞ እየተንፈራገጠ ነበር። ዳኛው ነፋብኝ። ቴክኒካል ጥፋት። ሁለት ቅጣት ምት አገኙ፣ ሁለቱንም አገቡ፣ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

ያ ሁሉ ጩኸት እርግማን ነበር፣ እቴቴ። የራሳችን ደጋፊዎች ናቸው። ሜዳውን ለቅቄ እስክወጣ ድረስ «ውጣ!» እያሉ ወንበር ይደበድቡ ነበር። አስተላላፊው ልጅም ራዲዮ ላይ አሥር ደቂቃ ሙሉ «አሳፋሪ ነው» ሲል እንደነበር ነግሮኛል፤ ይቅርታም ጠይቆኛል። ራዲዮ ከፍቶ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰማሽው።

ትናንት ፀጉር ሠሪዋ ጋ ደወልኩ። ጠየቅኳት፤ አለቀሰች። ሳሙናውን አሰብኩ፣ ብስክሌቱን አሰብኩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ አለመቅረብሽን አሰብኩ። እንዴት እስከ ዛሬ አልገባኝም? ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምን አልነገርሽኝም?

አሰልጣኙ እስከ የካቲት አጋማሽ አስቀምጦኛል። የሚቀጥለው ዓመት የቦታዬን ነገር በመጨረሻው ጨዋታ አይቼ እወስናለሁ ብሏል። እኔ ግን ሻንጣዬን ከእግሬ ስር አውጥቼ ልብሴን እየከተትኩ ነው። የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። እመጣለሁ። መንገድ ስትሻገሪ ሰው ያስፈልግሻል።

ልጅሽ


ጥር 27

ልጄ፤

በመጀመሪያ ይቅር በለኝ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል፤ አንተ አንገትህን ደፍተህ ስትወጣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስልስ ነበር። ያንን ደብዳቤ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። ቅደደው።

ሁለተኛ፣ ፀጉር ሠሪዋን እንዳትቆጣት። እንዳትነግርህ አስምዬያት ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ባዳነቱ አልበቃ ብሎት ጥሎኝ ሄደ። የቀኙ የጠፋው ገና ፋብሪካው ሳለሁ ነው። ሽመና ክፍል መቶ ማሽን በአንድ ጊዜ ይጮኻል፤ እዚያ የሠራን ሴቶች ሁሉ ትንሽም ብዙም ደንቁረናል። የግራው አንተ ኮሌጅ የገባህ ዓመት እየደከመ ሄደ፣ በዓመቱ መጨረሻ ዝም አለ። ለምን አልነገርሽኝም አልክ? ብነግርህ ትመጣ ነበራ! ይኸው አሁንም ልብስ እየከተትክ ነው።

ሰው ሲያናግረኝ ከንፈር አነባለሁ። ሁላችንም እዚያ የተማርነው ነው፤ ከማሽን ማዶ ላለች ጓደኛችን የቤታችንን ጉድ ሁሉ ያለ ድምፅ እናወራላት ነበር። ስልክ ግን ከንፈር የለውም፣ ራዲዮም ከንፈር የለውም። ስለዚህ ራዲዮኑን እንደ ማሽኔ ያዝኩት። ማሽኑ ሲሄድ መዳፋችንን ብረቱ ላይ እናሳርፍ ነበር፤ ድር ቢበጠስ፣ መወርወሪያው ቢስት፣ ከዓይናችን በፊት መዳፋችን ያውቃል። ቅዳሜ ቅዳሜም ሁለት እጄን ራዲዮኑ ጀርባ ላይ አደርጋለሁ። ሰውዬው ሲያወራ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል። አዳራሹ ሲጮህ ግን እስከ ክርኔ ይመጣል። ያኔ «አሁን ልጄ ነው» እላለሁ። መዳፍ ግን እርግማንና ምርቃትን አይለይም። ስምህን ሲጠሩልህም አልሰማሁም፣ ስምህን ሲያዋርዱም አልሰማሁም።

እንግዲህ ሦስት ነገር ልዘዝህ። እንዳትመጣ። ብትመጣ በሩን እቆልፍብሃለሁ፤ ብታንኳኳም አልሰማህም።

ያ ልጅ ጋ ሂድ። ስሙን ጠይቀህ ተመለስ።

ለአሰልጣኝህ ደግሞ በኔ እንዳታመካኝ። «አክስቴ ደንቆሮ ስለሆነች ነው» ብለህ ቦታህን ብታተርፍ አልወድልህም። ከእንግዲህም ለኔ ብለህ አትዝለል። ጩኸቱ ጠፍቶብኝ ቢቀር ጨርቅ አይደለሁ፣ አልቀደድም። ያ ትምህርት ግን ካመለጠህ እኔም አንተም እንቀደዳለን። ተቀምጠህ ተማር፣ ቆመህ ተጫወት።

አክስትህ


የካቲት 24

እቴቴ፣

ልብሱን ከሻንጣው አውጥቻለሁ። ደብዳቤ ሳልጽፍልሽ ይህን ያህል የቆየሁት የምነግርሽ ነገር እስኪኖረኝ ብዬ ነው፤ ይቅርታ።

ልጁ ጋ ሄድኩ። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነው። በሩን የከፈቱልኝ አያቱ ናቸው፤ ከጋዜጣው ላይ አውቀውኝ መልሰው ዘጉት። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እሱ ራሱ በክራንች እያነከሰ ወጣና አየኝ፣ አየኝና «ምላስህን አስገባና ግባ» አለኝ። ጅማቱ ተስቦ ነው፤ ሐኪሙ በሚመጣው ወቅት ይጫወታል ብሎታል። የቅየሳ ትምህርት ነው የሚማረው። ስንቴ በላዩ ላይ እንደዘለልኩ ቆጥሮ ያውቀዋል፦ ሰባቴ። እኔ አላውቅም ነበር። ይቅርታ ስጠይቀው ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። አያቱ ስወጣም አላናገሩኝም። እውነታቸውን ነው። ስሙን ግን አሁን አውቃለሁ።

ለአሰልጣኙ ስላንቺ አልነገርኩትም። «ለምን ነበር የምታደርገው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ «ጩኸቱን ስለምፈልገው» አልኩት። ውሸት አይደለም።

ትናንት የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። እስከ ዕረፍት ተቀመጥኩ፣ ከዕረፍት በኋላ አስገባኝ። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ኳሷን ከእጃቸው ነጠቅኩና ዞር ስል ከመሃል ሜዳ እስከ ቅርጫቱ ድረስ ማንም የለም። ወለሉና እኔ ብቻ። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። የሰደቡኝም ሳይቀሩ ተነሡ፤ ልብስ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት፣ ትንፋሽ ሲሰበስቡ ሰማሁት። እቴቴ፣ እጅሽ ታየኝ። ራዲዮኑ ላይ ሁለቱም እጅሽ። እየሮጥኩ «አንዴ ብቻ፣ ሳልንጠለጠል፣ ለሷ» አልኩ። ወደ ቀለበቱ ልነሣም ነበር።

አልተነሣሁም። ቦርዱ ላይ በጣቴ ጫፍ አስቀመጥኳት፣ ወደ ውስጥ ገባች። አዳራሹ «ኤጭ!» ብሎ ተቀመጠ። እኔም ዞሬ ወደ መከላከሉ ሮጥኩ።

አሸነፍን። ዛሬ ጠዋት አሰልጣኙ የሚቀጥለውን ዓመት ዝርዝር ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ለጥፏል። ዘጠኝ ቁጥር አለበት። ነፃ ትምህርቱም ይቀጥላል። ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ደስም ብሎኛል። ግን ከትናንት ጀምሮ የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው፦ ያን ሁሉ ሰዓት ተቀምጠሽ እጅሽ ስር ምንም ሳይመጣልሽ መቅረቱ። ያለኝ እሱ ነበር። እሱን ነሣሁሽ። ይቅር በይኝ።

ልጅሽ


መጋቢት 2

ልጄ፤

ጆሮ ሐኪሙ ጋ ሄጃለሁ፤ ይኼኛው እውነተኛው ነው፣ ፀጉር ሠሪዋ ምስክሬ ናት። የቀኙ አልቆለታል። ለግራው ማዳመጫ አዞልኛል፣ ሲመጣ እናያለን። ብዙ ተስፋ አታድርጊ ብሎኛል፣ እኔም አላደረግኩም። መንገድ ስሻገር ግራ ቀኝ ሦስቴ እያየሁ ነው፤ ብስክሌተኛው ከሩቅ ሲያየኝ ወርዶ ይገፋል።

አሁን ይቅርታ ወደጠየቅከኝ ነገር ልምጣ። በመጀመሪያ ይህን ላጣራልህ፦ ቅዳሜ ዕለት እጄ ራዲዮኑ ላይ አልነበረም።

ጉዴ ከወጣ በኋላ የምደብቀው ምን አለኝ? ራዲዮኑን ተሸክሜ ፀጉር ቤቱ ሄድኩና መስታወቱ ፊት አስቀመጥኩት። «ሰውዬው የሚለውን ሁሉ አንድ ሳታስቀሪ በከንፈርሽ ንገሪኝ» አልኳት። እሷ ደግሞ ስለ ጨዋታው ምንም አታውቅም። በአንድ እጇ ማበጠሪያ፣ በሌላው ቢጎዲን ይዛ፣ የምትሠራትን ሴት ጭንቅላት ወደኔ አዙራ፣ ጀመረች። «ዘጠኝ ቁጥር ኳሷን ለሰባት ቁጥር ሰጠው። ለምን ይሰጠዋል? የራሱ ነበረች እኮ» ትላለች። «ዘጠኝ ቁጥር ወደ ኋላ ሮጠ። የሸሸ መሰለኝ» ትላለች። «ዘጠኝ ቁጥር ጓደኛውን ከወደቀበት አነሣው።» «ዘጠኝ ቁጥር የሰውየውን መንገድ ዘጋበት።» «ዘጠኝ ቁጥር እንደገና ሰጠ። ይሄ ልጅ ለራሱ የሚያስቀረው የለም እንዴ?»

ለካ አንተ ስንት ነገር ትሠራለህ! ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጨዋታ አራት አምስቴ ብቻ ኳስ የምትነካ ይመስለኝ ነበር። ሌላውን ጊዜ የት ሄዶ ነው የሚቆመው፣ እያልኩ አስብ ነበር፤ ላስቀይምህ ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩህ። አንተ ያን ሁሉ ስትለፋ እኔ በጩኸትና በጩኸት መሃል አውቄህ አላውቅም ነበር። እና አሁን «ነሣሁሽ» ትለኛለህ?

ከዚያ ያቺ ኳስ መጣች። ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ዓይኔን ከከንፈሯ አላነሣሁም። «ነጠቀ» አለችኝ። «ዞረ። ማንም የለም። ብቻውን ነው።» መቀመጫዬን ጨበጥኩ። ከዚያ «አስቀመጣት» አለችኝ። «ገባች።»

«ሰዉ ምን አለ?» አልኳት።

«ምንም። ኤጭ አሉ።»

ያኔ ነው የጮህኩት። ምን ያህል እንደጮህኩ እኔ አላውቅም፤ ድምፄን ከሰማሁት ቆይቷል። ካስክ ስር የነበሩት ሁለት ሴቶች ራሳቸውን ከካስኩ ጋር እያጋጩ ብድግ አሉ፣ የምትሠራዋ ሴት ከነቢጎዲኗ በሩ ጋ ደረሰች፣ ከመንገድ ማዶ ያለው ቁልፍ ሠሪ መዶሻውን እንደያዘ እየሮጠ መጣና «ማነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀ። ፀጉር ሠሪዋ ወደሱ ዞራ ስትመልስለት ከንፈሯን በመስታወቱ ውስጥ አነበብኩት።

«ማንም አልሞተም» አለችው። «ልጇ ኳስ አግብቶ ነው።»

አክስትህ